«ለጉብኝት ነው በይ» ተብያለሁ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 27 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሆቴል ማኔጅመንት ተምሬ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ግን ነገሩን ያውቁታል። እንግዳ ጠፋ። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሰው የሚያመላልሱት ጀልባዎች ብዙውን ቀን ታስረው ይውላሉ። ደመወዛችን አንዳንዴ በግማሽ፣ አንዳንዴ በሁለት ወሩ ይመጣል። አምሽቼ ስወጣ ባጃጅ ማግኘትም፣ በሰላም ቤት መግባትም ራሱን የቻለ ሐሳብ ሆኖብኛል።

በቅርቡ የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ዘመድ የሆነ ሰው «ዱባይ ሥራ አለ» አለኝ። ሆቴል፣ ሪሴፕሽን፣ በወር 4,500 ድርሃም። ሁሉንም የሚጨርሰው እሱ ነው፤ እኔ 180,000 ብር ብቻ እከፍላለሁ። በቪዚት ቪዛ ትገቢያለሽ፣ እዚያ ከደረስሽ በኋላ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየራል አለኝ። ቦሌ ላይ ከጠየቁሽ «ለጉብኝት ነው» በይ ብሎኛል። እኔ ያጠራቀምኩት 70,000 ብር አለኝ። ቀሪውን አዴት ያለው አጎቴ በሬ ሸጦ ሊያበድረኝ ነው።

እማዬ ይህን ስትሰማ እህል መቅመስ ተወች። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ ቤሩት ቤት ሠራተኛ ሆና ሄዳ ነበር። ለረጅም ጊዜ ድምፅዋ ጠፋ። ስትመለስ ሻንጣ እንኳን አልነበራትም። ምን እንደደረሰባት እስከ ዛሬ ተናግራ አታውቅም። እማዬ «አንቺንም እንደ እሷ በር በር እያየሁ ልጠብቅሽ?» ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ «እዚህ ተቀምጠሽ ምን ልትሆኚ ነው? ሂጂ» ይላል።

ሰው ፊት አልፈራም እላለሁ። ሌሊት ግን እንቅልፍ የለኝም። ፓስፖርቴን ቢወስዱብኝስ? ማታ ብቻዬን ከሥራ ስወጣስ? አለቃዬ ቢያስቸግረኝ ለማን እናገራለሁ? ፎቶ በማንሳት ብቻ ሰው ይታሰራል ሲሉም ሰምቻለሁ። እዚህም ቢሆን ደህና ነን ማለት አይቻልም። ሰውየው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልሽ ቦታውን ለሌላ እሰጠዋለሁ ብሏል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሽምብጥ

መልስ

እህቴ፣

ከሁሉ በፊት የወሩን መጨረሻ ከፊትሽ ላይ እናንሳው። ለዚህ ሰው ብር አትስጪ። ዱባይ አትሂጂ እያልኩሽ አይደለም፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ግን ሆቴል ሰው ሲፈልግ ኢንተርቪው ያደርጋል። የሥራ ልምድሽን ያያል፣ እንግሊዝኛሽን ይሰማል፣ ኦፔራ የሚባለውን የሆቴል ሶፍትዌር ትችያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንቺን ማን ኢንተርቪው አደረገሽ? ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። የሆቴሉ ስም የትም የለም። ረስተሽው ነው ወይስ አንቺም አታውቂውም?

የጻፍሽልኝ ፍርሃት አብዛኛው ስለ ከተማዋ ነው። የማታ መንገድ፣ ብቻ መሆን፣ ፎቶ። እኔን ያስፈራኝ ግን አንቺ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽው የሄድሽው ቪዚት ቪዛ ነው።

የመንገዱን ቶሎ ልጨርሰው። ማታ ከሥራ ወጥቶ ቤት ለመግባት ዱባይ ከብዙ ከተሞች ትሻላለች። ሜትሮው ውስጥ ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ የተለየ ክፍል አለ። ሴቶች የሚነዷቸው፣ ጣሪያቸው ሮዝ የሆኑ ታክሲዎች አሉ። ትልልቅ ሆቴሎች ብዙውን ጊዜ ሠራተኞቻቸውን በሰርቪስ ያመላልሳሉ። ፖሊስ በ999 ይጠራል። ምንም አይደርስብሽም ማለቴ አይደለም፤ ጥንቃቄ የትም ያስፈልጋል። ነገር ግን ሄደው የተጎዱ ልጆችን ታሪክ ስትሰሚ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ አይደለም። አሠሪው ቤት ነው፤ ከዚያም በፊት እዚሁ አገር ቤት የተፈረመው፣ ወይም ሳይፈረም የቀረው ወረቀት ላይ ነው።

ሰውየው ሁሉንም ዋሽቷል አልልም። በቪዚት ቪዛ ገብቶ፣ ቀጣሪ ተገኝቶ፣ እዚያው ወደ ሥራ ቪዛ መቀየር ይቻላል። የቀናቸውም አሉ። አደጋው ያለው በመሃል ባለው ጊዜ ነው። በቪዚት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። ስለዚህ «እስኪቀየር ድረስ ሥሪ» ብለው ሥራ ሲያስጀምሩሽ አንቺም ሕግ ጥሰሻል። ደመወዝ ቢከለክሉሽ ለመክሰስ ትፈሪያለሽ፤ አለቃሽም መፍራትሽን ያውቃል። የቪዛው ቀን ካለፈ ደግሞ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠርብሻል። ገና ምንም ሳትይዢ ዕዳ ውስጥ ገባሽ ማለት ነው። እስኪቀየር ስንት ቀን ይፈጃል ብለሽ ጠይቂው እስቲ። ካልተቀየረስ የምመለሰው በማን ትኬት ነው በይው።

ቦሌ ላይ የምትይውን ማስጠናቱም አልተመቸኝም። ሥራው ሳይጀመር የተሰጠሽ የመጀመሪያ ሥልጠና ውሸት ነው። ኢሚግሬሽን ላይ «የት ነው የምታርፊው? ስንት ይዘሻል? መቼ ትመለሻለሽ?» ስትባዪ እሱ አጠገብሽ የለም። ከዚያ ቢመልሱሽ ብርሽን ማን ይመልስልሻል? ደረሰኝ እሰጥሻለሁ ብሎሻል?

ወደ ብሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ማን ምን እንደሚከፍል ለይቶ አስቀምጦታል። በ2013 ማሻሻያም ወጥቶለታል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ጉዞ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። በሠራተኛዋ ላይ የሚወድቀው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃና የብቃት ማረጋገጫ ወጪን የመሳሰለው ነው። የኤምሬቶች የሠራተኛ ሕግም፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ማለቴ ነው፣ የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው መቀበል ይከለክላል። እና ያንቺ 180,000 ብር የምን ነው? በዝርዝር ይጻፍልሽ። «የፕሮሰስ ነው» ካለሽ፣ ፕሮሰሱ ምን ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ይንገርሽ።

ስለ በሬው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አጎትሽ የሚያርስበትን ሸጦ ሰጥቶሽ፣ አለቃሽ መጥፎ ሰው ሆኖ ብታገኚው፣ በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣሽን አንስተሽ ትወጫለሽ? የምትወጪ አይመስለኝም። «የአጎቴ ብር» እያልሽ አንድ ወር ትታገሻለሽ፣ ከዚያ ሌላ ወር። ብዙ ሴቶች በማይሆን ቦታ የሚቆዩት በር ስለተቆለፈባቸው ብቻ አይደለም። ባዶ እጄን ገብቼ ምን እላለሁ ብለው ነው። ደላላም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ነገ ሕጋዊ ሥራ ብታገኚ እንኳን በሬው ይቅር። ካጠራቀምሽው ላይ የመመለሻ ትኬት የሚሆን ለይተሽ በራስሽ አካውንት አስቀምጪ። ያንን ብር ማንም እንዳይበደርሽ፤ ወንድምሽም ጭምር።

ትክክለኛው መንገድ ሲሆን ምን ታያለሽ? መጀመሪያ ስም ያለው ሆቴል ታያለሽ። የሆቴሉን ስልክ ሰውየው ከሰጠሽ ወረቀት ላይ አትውሰጂ፤ ራስሽ ከሆቴሉ ዌብሳይት ፈልገሽ ደውዪና ሰው ኃይል ክፍሉን «በዚህ ስም ኦፈር ልካችኋል ወይ?» በያቸው። ሪሴፕሽኒስት ነሽ፤ እንዲህ ዓይነት ስልክ ስንቴ አንስተሻል። ከዚያ በአገሩ የሠራተኛ ሚኒስቴር የተመዘገበ የሥራ ኦፈር ይመጣል። ከአገር ሳትወጪ አንብበሽ ትፈርሚበታለሽ። የምትገቢውም ለሥራ በተሰጠ የመግቢያ ፈቃድ ነው።

ፈቃዱ ሲመጣ ከደመወዙ በፊት የሥራ መደቡን ተመልከቺ። በአፍ «ሪሴፕሽን» ተብሎ ቪዛው ላይ «የቤት ሠራተኛ» የሚል የመጣላቸው አሉ። እዚያ የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። የሆቴል ሠራተኛ የምታገኘውን ጥበቃ ሁሉ አገኛለሁ ብለሽ አትገምቺ። ወረቀቱ ላይ ሌላ መደብ ካየሽ «ስም ብቻ ነው» ቢሉሽም አትብረሪ።

4,500 ድርሃሙም ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ቤት የሚከፍለው ማነው? ሆቴሉ መኝታ፣ ሰርቪስና ምግብ ከሰጠሽ አንድ ነገር ነው። ራስሽ ተከራይተሽ ዴይራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ውስጥ ቤድ ስፔስ የምትገቢ ከሆነ ሌላ ነው። ቤድ ስፔስ ማለት ክፍል እንኳን አይደለም። ከማታውቂያቸው ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል የምትተኚበት አልጋ ነው። ለደኅንነትሽም ለኪስሽም ይህ ጥያቄ ከደመወዙ ይቀድማል። የሥራ ሰዓቱን ደግሞ ከሕጉ ጋር አስተያዪው፤ መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ደመወዝ በባንክ ወይም በደመወዝ ካርድ እንጂ በእጅ እንዳይሆን። ዱባይ ውስጥ የጤና ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ የቀጣሪው ነው።

ፓስፖርትሽን መያዝ ለአሠሪ በሕግ የተከለከለ ነው። እንደዚያም ሆኖ «እንዳይጠፋብሽ እኛ እናስቀምጥልሽ» የሚሉ አይጠፉም። ፈገግ ብለሽ «አመሰግናለሁ፣ እኔው እይዘዋለሁ» በይ። ለእንግዳ የምታሳዪውን ትሕትና አሳዪያቸው፤ ፓስፖርቱን ግን አትልቀቂ። የፓስፖርቱን፣ የቪዛውንና የውሉን ፎቶ በቴሌግራም ለራስሽም ለወንድምሽም ላኪ። አንድ ኮፒ በወረቀት እናትሽ ጋ ይቀመጥ።

አለቃ ቢያስቸግርሽስ? የሠራተኛ ሕጉ ፆታዊ ትንኮሳንና ማንገላታትን ይከለክላል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሠራተኛ ለሚመለከተው አካል አሳውቆ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። ለብቻሽ በሰው አገር ሆነሽ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ይህን ሕግ ማስታወስ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ቀደም ብለሽ ተዘጋጂ። አቡዳቢ ኤምባሲያችን፣ ዱባይ ደግሞ ቆንስላችን አለ። የሁለቱን ስልክ ከመሄድሽ በፊት ያዢ፤ ስልክሽ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም። የደረሰብሽን ነገር ቀንና ሰዓት እየጠቀስሽ ጻፊ። የተላከልሽን መልእክት አታጥፊ። አንድ የምታምኛት ሐበሻ እዚያ ካለችም ከአሁኑ አውሪያት። ዘመድ ባትሆንም ግድ የለም፤ አልጋ እስክታገኚ የምታሳድርሽ ሰው መኖሯን ማወቅ ብቻውን ድፍረት ይሰጣል።

እናትሽን በተመለከተ ደግሞ፣ አይፈረድባቸውም። የቤሩቱን ነገር ከሩቅ ሰምተው አይደለም የሚፈሩት፤ እህታቸውን ጠብቀዋል። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኞች ከሠራተኛ ሕጉ ውጪ ናቸው፤ ኑሯቸው ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት በአንድ አሠሪ እጅ የታሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አገሪቱ በኢኮኖሚ ስትናጋ አሠሪዎች እህቶቻችንን ቆንስላው በር ላይ አውርደዋቸው ሲሄዱ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ስለዚህ «እማዬ፣ ዱባይ ቤሩት አይደለም» ብለሽ አትከራከሪያቸው። እውነትነት ቢኖረውም አያጽናናቸውም። አክስትሽም ስትሄድ «የኔ አሠሪ ደግ ነው» ሳትል አልቀረችም።

አክስትሽን ግን ማንም የጠየቃት ሰው አለ? «ምን ሆንሽ?» ማለቴ አይደለም። ያንን መንገር ካልፈለገች መብቷ ነው፤ ቁስሏን አትነካኪባት። ቡና አፍልተሽ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ «እትዬ፣ ልሄድ እያሰብኩ ነው። ያኔ ምን ቢኖርሽ ኖሮ ይጠቅምሽ ነበር?» በያት። ምናልባት ዝም ትል ይሆናል። ምናልባት ደግሞ «ስልክ ቁጥር በቃሌ ብይዝ ኖሮ» ትልሽ ይሆናል። ከእኔ ምክር የእሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበልጣል። እሷም ብትሆን ያሳለፈችው መከራ ለእህቷ ልጅ መጠንቀቂያ ሲሆን ማየት ሊያቀልላት ይችላል፤ እርግጠኛ ሆኜ ግን አልናገርም። ፊቷን አይተሽ አቁሚ።

እናትሽ የሚፈልጉት ማስረጃ ሳይሆን ድምፅሽ ይመስለኛል። ስለዚህ ስለ ስልኩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብዙዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ኤምሬቶች ውስጥ በዋትስአፕ መጻጻፍ ይሠራል፤ መደወል ግን ተዘግቷል። እናትሽ ሳያውቁ በዋትስአፕ ቢሞክሩ፣ እንቢ ሲላቸው ልጄ ምን ሆነች ብለው ሌሊቱን አይተኙም። ከመሄድሽ በፊት እዚያ የሚሠራውን ቦቲም የሚባል የመደወያ አፕ ስልካቸው ላይ ጫኚላቸው። በቤት ውስጥ ሆናችሁ አንቺ ከሳሎን፣ እሳቸው ከጓዳ እየተደዋወላችሁ አለማምጃቸው። በሳምንት የምትደውዪበት ቀንና ሰዓት ይኑር። ሰዓቱ አልፎ ሁለት ቀን ከጠፋሽ ወንድምሽ መጀመሪያ ለማን፣ ቀጥሎ ለማን እንደሚደውል ጽፎ ይያዝ። «ሂጂ» ማለት ቀላል ነው፤ እሱም ከኃላፊነቱ ይካፈል።

አንድ የምስጢር ቃልም ይኑራችሁ። ሰው አጠገብሽ ቆሞ እየሰማሽ «ደህና ነኝ» ለማለት ብትገደጂ፣ «ድመታችን እንዴት ናት?» ብለሽ ጠይቂ። ድመት ከሌላችሁ ወንድምሽ ወዲያው ይገባዋል። ድመት ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሻንጣሽ ውስጥ ስለሚገባው ነገር ሁለት ቃል ልጨምር። ባህር ዳር ጫት በየመንገዱ ስለሚሸጥ ቀላል ነገር ይመስላል። ኤምሬቶች ውስጥ ግን አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ ያሳስራል። «ለእህቴ በርበሬ አድርሺልኝ» የሚልሽ ሰው ይመጣል። ከእናትሽ እጅ ያልወጣ፣ አንቺ ራስሽ ያልሞላሽው ፌስታል አውሮፕላን ላይ አይውጣ። ይሉኝታ ይዞሽ እንዳትቀበይ። ትራማዶልና ኮዴን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎችም እዚያ ቁጥጥር ስላለባቸው ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የምትወስጂው መድኃኒት ካለ የሐኪም ወረቀቱን ይዘሽ አስቀድመሽ አጣሪ። ስለ ፎቶ የሰማሽው ወሬ ብቻ አይደለም። ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሳትና መለጠፍ፣ በሶሻል ሚዲያ ሰው መሳደብ እዚያ በሕግ ያስጠይቃል። ራስሽን አንሺ፤ ከኋላሽ ያለውን ሰው ግን ተመልከቺ። የቲክቶክ ንትርክ ውስጥም አትግቢ፤ እዚህ ተሳስቀን የምናልፈው ስድብ እዚያ ፖሊስ ጣቢያ ያደርሳል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ደመወዝሽ ከነገ ጀምሮ ሙሉውን፣ በሰዓቱ ቢመጣ ትሄጃለሽ? ቶሎ አትመልሺልኝ። መልስሽ «አልሄድም» ከሆነ የተቸገርሽው በደመወዝ ነው። እዚሁ ወይም ሌላ ከተማ የሚከፍል ሆቴል መፈለግም፣ በ70,000 ብርሽ አንድ ነገር መጀመርም ከዱባይ እኩል ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። መልስሽ «እሄዳለሁ፣ ዓለም ማየት፣ በሙያዬ ማደግ እፈልጋለሁ» ከሆነ ደግሞ ይህ በቂ ምክንያት ነው፤ ማንንም ይቅርታ መጠየቅ የለብሽም። «እዚህም ደህና ነን ማለት አይቻልም» ያልሽው ገብቶኛል። ባህር ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ይገባዋል። እኔ የምሰጋው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚህ ለመውጣት ስትቸኩዪ የምትገቢበትን በር ሳታዪው እንዳታልፊ። የአምስት ዓመት ልምድ ያላት ሪሴፕሽኒስት በዚህ ሰው በኩል ካልሆነ ዱባይ አትገባም ያለሽ ማነው?

እንዲህ ብታደርጊስ? ለሰውየው ዛሬ በጽሑፍ መልእክት ላኪ። የሆቴሉን ስም፣ የተመዘገበውን የሥራ ኦፈር፣ የሚልክሽን ኤጀንሲ የፈቃድ ቁጥርና የብሩን ዝርዝር ላክልኝ በይው። አትጣዪው፤ የባልደረባሽ ዘመድ ነው፣ ነገ ትገናኛላችሁ። ከላከ፣ ይዘሽ ወደ ክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ ሂጂና ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው አጣሪ። ፈቃድ የሚሰጠው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ስለሆነ ማወቅ ከባድ አይደለም። ካልላከ ወይም «አታምኚኝም እንዴ?» ብሎ ከተቆጣ መልስ አግኝተሻል።

ጎን ለጎን ሲቪሽን አዘጋጂ። ትልልቆቹ የሆቴል ድርጅቶች ክፍት የሥራ ቦታቸውን በራሳቸው ዌብሳይት ያወጣሉ፤ ለማመልከት አያስከፍሉም፤ ኢንተርቪውም በቪዲዮ ያደርጋሉ። ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ አረብኛ ብትጀምሪ ሪሴፕሽን ላይ ዋጋሽን ከፍ ያደርገዋል። ሥራውን በራስሽ ካገኘሽም ከመብረርሽ በፊት ውሉን ለሚኒስቴሩ አሳይተሽ አስመዝግቢ። የሠራሽበትን ሶፍትዌር፣ የምትችዪውን ቋንቋ፣ ሆቴሉ ሞልቶ በነበረበት ጊዜ በቀን ስንት እንግዳ ታስተናግጂ እንደነበር ጻፊበት። እንግሊዝኛው ላይ የሚያይልሽ ካጣሽ በዚሁ አድራሻ ላኪልኝ፤ አርሜ እመልስልሻለሁ።